የእሜቴ መጋረጃ

እሜቴ በሕይወታቸው አንድም ደብዳቤ በገዛ እጃቸው ጽፈው አያውቁም። ማንበብማ ያነባሉ፤ ዳዊቱን በቃላቸው እያወቁት እንኳ መጽሐፉን ካልገለጡ ደስ አይላቸውም። መጻፍ ግን ሌላ ነው። «መጻፍ የጸሐፊ ሥራ ነው» ይላሉ፣ ልክ አባቴ «ጎማ መቀየር የጎሚስታ ሥራ ነው» እንደሚለው አድርገው። ኩራት የለበትም፤ ሥራው የሌላ ሰው ነው፣ አለቀ። በአባታቸው ቤት፣ በአያታቸውም ቤት፣ ጌታው ይናገራል፣ ጸሐፊው ይጽፋል፣ ከዚያ ማኅተም ይመታል። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ጸሐፊ ስላልተገኘ እኔን ያዙኝ።

እሜቴ የእናቴ አክስት ናቸው። የሚኖሩት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አጎቴ ቤት ነው። እኛ ያለነው በባቡር አንድ ሰዓት ያህል ርቆ፣ ከወንዝ ማዶ አሌክሳንድሪያ ነው። «እሜቴ» ስማቸው ይመስለኝ ነበር። አሥር ዓመት ሲሞላኝ ነው እናቴ «እመቤቴ ማለት እኮ ነው፤ የባላባት ሴት የምትጠራበት ነው» ብላ የነገረችኝ። አባታቸው ደጃዝማች ነበሩ፣ የአባታቸውም አባት፣ እንዲህ እያለ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ እሳቸው ሲቆጥሩት እኔ መሀል ላይ ይጠፋብኛል። ድሮ «ወይዘሮ» የሚባለውም እንደ እሳቸው ያለ ዘር የሚቆጠርለት ሰው ብቻ ነበር አሉ። አሁን የሠርግ ጥሪ ሲመጣ ሁሉም ወይዘሮ ሆኖ ያዩና «ደግ ነው፣ በዛን» ይላሉ።

አባቴ ታክሲ ነው የሚነዳው። አዲስ አበባ ተማሪ ሳለ «መሬት ላራሹ» እያለ ሰልፍ ከወጡት አንዱ ነበር፤ ዛሬም ስለ መኳንንት ሲነሳ ድምፁ ከፍ ይላል። እሜቴን ሐኪም ቤት ወይም ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሳቸው ግን እሱ ነው። እሳቸው ከኋላ ይቀመጣሉ፣ ነጠላቸውን ያስተካክላሉ፣ መኪናው በወርቅ የተሸለመ በቅሎ ይመስላል።

«አይ ጊዜ» አለ አንድ ቀን፣ እየሰሙት። «መሬት ላራሹ ብዬ ጮኼ ጮኼ፣ መጨረሻዬ የደጃዝማች ልጅ ሾፌር።»

«መንገዱን እያየህ ንዳ ልጄ» አሉት እሜቴ። «መሬቱም የለ፣ አራሹም አንተ አይደለህ።»

አባቴ እስከ ድልድዩ ድረስ ሳቀ።

ቅዳሜ ቅዳሜ በባቡር እሄድና ደብዳቤ ያጽፉኛል። እዚህ አገር ስመጣ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ፊደል የቆጠርኩት እስከ «መ» ነው። ቤት ውስጥም በአማርኛ ያናግሩኛል፣ በእንግሊዝኛ እመልሳለሁ። የመጀመሪያዋ ደብዳቤ፣ አዲስ አበባ ለቀሩ ለአንዲት ዘመዳቸው፣ ሦስት ቅዳሜ ፈጀች። እሜቴ ግን ተቆጥተውኝ አያውቁም። የሚሉኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ጻፊ። ቀና አትበይ፤ ቀና ካልሽ መስመርሽ ይጣመማል።» እኔም አንገቴን ደፍቼ እጽፋለሁ። ሻያቸው በስኒው ማስቀመጫ ተከድኖ አጠገባቸው ይቀመጣል፤ ደብዳቤው ሲያልቅ ሻዩም አልቆ ይገኛል። ሁለት ዓመት እንዲህ ሆነ። አሁን መስመር በሌለው ወረቀት ላይ እንኳ ቀጥ አድርጌ ነው የምጽፈው፣ ይህንንም የምጽፈው እንደዚያው ነው። ምስጋናው የእሳቸው ነው፤ ምክንያቱን ያወቅኩት ግን በኋላ ነው።

የካቲት ላይ እሜቴ አውቶቡስ ፌርማታው አጠገብ በረዶ አንሸራተታቸውና ዳሌያቸው ተሰበረ። ሰርጀሪው ጥሩ ሆነ፤ ሐኪሙ «ልባቸው የወጣት ነው» አለ። የቀረው መብላትና መበርታት ነበር። እሜቴ ደግሞ አልበሉም።

መጀመሪያ አላወቅንም። ትሬዩ በሦስት ሰዓት ባዶውን ይወጣል፣ በሰባት ሰዓት ባዶውን ይወጣል፣ ሁላችንም ደስ ብሎናል። ክፍሉ የሁለት ሰው ነው፤ ሌላው አልጋ ላይ ያሉት ነጭ አሮጊት ጉንጫቸው ቀይ ቀይ እያለ መጣ። በአራተኛው ቀን ነርሷ ድንገት ስትገባ አሮጊቷ ሁለተኛውን ፑዲንግ ሲበሉ ያዘቻቸው።

«እሷ ናት የምትሰጠኝ» አሉ አሮጊቷ ምንም ሳያፍሩ። «በጣም ጨዋ ሴት ናት። አንገቷን እንዲህ ታደርግልኛለች፣ ውሰጂ እንደማለት።»

ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ትእዛዝ ወጣ። በአልጋዎቹ መካከል ያለው መጋረጃ ክፍት ይሁን፤ እሜቴ ሲበሉ ሰው ቁጭ ብሎ ይያቸው። ነርሷ ከጃማይካ የመጣች ትልቅ ሴት ናት፣ የዋዛ አይደለችም፤ ወንበር ስባ እግራቸው ሥር ትቀመጥና ማንኪያውን ታየዋለች። እሜቴ እሷን ያዩዋታል። ሾርባው ይቀዘቅዛል።

የኛ ሰው ደግሞ የታመመ ሰው አልበላም ሲባል የሚያውቀው መድኃኒት አንድ ነው፤ መሰብሰብ። አጎቴ ጴንጤ ስለሆነ የጉባኤው ሰዎች መጡ፣ አልጋውን ከበው ጸለዩ፣ ቀስ ብለውም ዘመሩ። እናቴ ኦርቶዶክስ ናት፤ የእሷ ጓደኞች ጠበል ይዘው መጡ። ሁለቱ ወገኖች ሌላ ጊዜ አይገናኙም፤ እዚያ ግን በአንድ ድምፅ «በሉ እንጂ እሜቴ»፣ «አንድ ማንኪያ፣ በሞቴ»፣ «ለኔ ሲሉ» ይሏቸዋል። እናቴ በፔርሙስ አጥሚት ታመጣለች። ስድስት ሰባት ሰው ማንኪያውን ከሳህኑ እስከ አፋቸው በዓይኑ ይሸኘዋል። ማንኪያው ግማሽ መንገድ ይደርስና ይመለሳል።

«እግዜር ይስጥልኝ» ይላሉ እሜቴ። «በልቻለሁ።»

ቀጭን የነበሩት ሴትዮ በሳምንት ውስጥ ጥላ ሆኑ። ማክሰኞ ዕለት ሐኪሙ አጎቴን ጠርቶ፣ እስከ ሐሙስ ጠዋት በደንብ ካልበሉ በአፍንጫቸው ቱቦ አስገብቶ እንደሚመግባቸው፣ ከዚያም ወደ ቤት ሳይሆን ወደ አረጋውያን ማቆያ እንደሚላኩ ነገረው። አጎቴ ተረጎመላቸው። እናቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እሜቴ እስከ መጨረሻው ሰሙና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ።

«በማን ፊት ነው የሚያደርጉት?»

አጎቴ ብርድ ልብሳቸውን አስተካከለላቸው። ሕመሙ ያናገራቸው መሰለን።

በዚያው ሰሞን የታሪክ ሪፖርት ነበረብኝ። ርእሱ በመካከለኛው ዘመን በአንድ ንጉሠ ነገሥት ግዛት የነበሩ፣ በዘር የሚወርድ ማዕረግ የያዙ መኳንንት ነው። የክፍሌ ልጆች ባይዛንታይንና ጀርመን ተሻሙ። እኔ እጄን አውጥቼ «የኢትዮጵያ ይሆናል?» አልኩ። አስተማሪዬ «ስለዚያ አንዲት ነገር አላውቅም፤ እንግዲያው አንቺ ታስተምሪኛለሽ» አለችኝ። እንዲህ ብላ ዝም አላለችም፤ ራሷ ላይብረሪ ኮል አድርጋ ድሮ አገሩን ያዩ መንገደኞች የጻፏቸውን ሦስት አሮጌ መጻሕፍት አስመጣችልኝ። በሕይወቴ ትልቅ ሰው «አላውቅም» ሲል ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያኔ ነው፣ እንዴት ደስ እንዳለኝ።

ሕጓ እንዲህ ነው፤ አንድ ነገር ባነበብን ቁጥር አንድ ካርድ ላይ እንጽፋለን፣ ከካርዱ ጀርባ ደግሞ «ይህን ማን ሠራላቸው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ እንጽፋለን። ደጃዝማች፣ ፊታውራሪ፣ ቀኛዝማች፣ ግራዝማች፣ እነዚህ ሁሉ ከጦር ሰፈሩ የወጡ ናቸው፤ ማን በፊት፣ ማን በቀኝ፣ ማን በግራ እንደሚሰለፍ። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ የሰው የቤት ስም ይመስሉኝ ነበር። በጀርባው «ስንቁን የተሸከሙት» ብዬ ጻፍኩ። ሌላ ካርድ ላይ ጉልት፤ ንጉሡ አገር ይሰጣቸዋል፣ ካገሩ እህል ድርሻ ይወስዳሉ፣ ልጃቸውም ይወርሳል። በጀርባው «ገበሬው» አልኩ። አባቴ ይህቺን ካርድ አንስቶ ሁለት ጊዜ አነበባትና «ይቺን ከላይ አድርጊያት» አለኝ።

ረቡዕ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ሐኪም ቤቱ ሄድኩ። ከቢጫው የባቡር መስመር ወርጄ ቀዩን ያዝኩና ካርዶቹን በቅደም ተከተል ማድረግ ጀመርኩ። ባቡሩ ከመሬት ውስጥ ወጥቶ ብርሃን ካርዶቹ ላይ ሲወድቅ እጄ ላይ የነበረችው ሰኞ ዕለት እየሳቅኩ የጻፍኳት ናት። ጌቶች ሲበሉና ሲጠጡ ዓይን እንዳያገኛቸው መጋረጃ ይጋረዳል፤ መንገድ ላይ ከሆኑ አሽከሮች ኩታቸውን ዘርግተው ይከልሏቸዋል። ከጎኗ አንድ ዘውድ ያደረገ ሰው በሻወር መጋረጃ ሥር እግሩ ሲታይ ሥዬ ነበር።

ሥዕሉን ሳየው በዚህ ጊዜ አልሳቅኩም።

እሜቴ አጎቴ ቤት ከሰው ጋር ማዕድ ቀርበው አያውቁም። «እናንተ ብሉ፣ እኔ በኋላ» ይሉና ምግባቸው ክፍላቸው ይገባል፣ በሩ ይዘጋል። ታክሲ ውስጥ ውኃ ሲጠጡ የነጠላቸውን ጠርዝ ወደ ፊታቸው ከፍ ያደርጋሉ። የእኔ ቅዳሜዎችስ? «ጻፊ፣ ቀና አትበይ።» ሻዩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ መስመሬ የሚጨነቁ ይመስለኝ ነበር፤ እሳቸው ሻያቸውን እየጠጡ ነበር።

ባቡሩ ውስጥ ብቻዬን ፈገግ ብዬ ተነሳሁና ከምወርድበት ሁለት ጣቢያ ቀድሜ በሩ ላይ ቆምኩ።

ክፍሉ እንደ ወትሮው ሞልቷል። እናቴ ማንኪያውን ይዛ ቆማለች። አባቴም ከሥራ መሀል መጥቶ የታክሲ ቁልፉን እያሽከረከረ በሩ ላይ ነበር። እናቴን እጇን ይዤ ወደ ኮሪደሩ አወጣኋትና በጆሮዋ በእንግሊዝኛ ነገርኳት።

«ምን? በአማርኛ ንገሪኝ።»

በአማርኛ ነገርኳት። በአማርኛ ሲሆን ረዘመ፣ ግን ሁሉንም አልኩት፤ ካርዷንም አሳየኋት። እናቴ ሥዕሉን አይታ ወዲያው እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«በራቸውን ዘግተው... እኔ እኮ የሚጸልዩ ይመስለኝ ነበር» አለች። «ልጅ ሆኜ የሰማሁት ነገር ነው። ቀረ ብዬ። ታዲያ ለምን አይናገሩም?»

«እንዲህ ያለ ነገር አይለመንም» አለ አባቴ፣ ከኋላችን ሆኖ ለካ ይሰማል። ካርዷን ተቀብሎ አነበበና ራሱን ነቀነቀ። «እኔ ደግሞ ያገሩን ገበሬ እህል ሲበሉ ማንም ለምን እንዳላያቸው ሁልጊዜ ይገርመኝ ነበር። በመጋረጃ ነዋ።»

«አሁን ይሄ የቀልድ ጊዜ ነው?» አለችው እናቴ።

«መቼ ቀለድኩ?» አለ። ከዚያ ግን ወደ ክፍሉ ራሱን አስገብቶ፣ ጴንጤውንም ኦርቶዶክሱንም «እባካችሁ፣ ለአንድ ሃያ ደቂቃ፣ ቡና ታች አለ» እያለ አንድ በአንድ አስወጣቸው። ካርዶቼ ላይ በግብር ቤት በር ቆሞ እንግዳ የሚያስገባና የሚያስወጣ አጋፋሪ የሚባል ሹም አለ። ልነግረው ፈልጌ ተውኩት።

ነርሷ ቀረች። ለእሷ የነገርኳት በእንግሊዝኛ ስለሆነ ቀለለኝ፤ ሰዎቻቸው ከብዙ መቶ ዓመት ጀምሮ ሰው እያያቸው እንደማይበሉ፣ ክፉ ዓይን እንደሚፈሩ፣ ይህንንም መናገር ራሱ ነውር እንደሆነባቸው።

«እኔ መዋጧን ማየት አለብኝ» አለች ነርሷ። «ብትታነቅስ?»

«እኔ ከውስጥ እሆናለሁ። ጀርባዬን ሰጥቼ። ጆሮ አለኝ።»

እሜቴን አየቻቸው። እሳቸው ግድግዳውን ያያሉ። «የእኔ አያት አማቿ ባለበት አትበላም ነበር» አለች በመጨረሻ። «ካሳላት ትጮሂያለሽ። ሳህኑን እኔ ነኝ የማየው።» ብላ መጋረጃውን በሐዲዱ ላይ እየጎተተች ዙሪያውን ዘጋችው። ከማዶ አሮጊቷ «ፑዲንጉስ?» ሲሉ ተሰማ።

መጋረጃው ውስጥ ሁለታችን ቀረን። ብርሃኑ ቢጫ ሆነ። የአጥሚቱን ፔርሙስ ከፍቼ ሳህኑ ውስጥ ቀዳሁና ትሬዩን አስጠጋሁላቸው፣ ምንም አላልኩም፤ አባቴ እንዳለው አይለመንማ፣ አይነገርምም። ወንበሩን አዙሬ ጀርባዬን ሰጠኋቸው፣ ደብተሬን ጭኔ ላይ አደረግኩና «እሜቴ፣ የቅዳሜው ደብዳቤ ቀርቶብናል፤ ያጽፉኝ» አልኳቸው።

ከኋላዬ ነጠላቸውን ሲያስተካክሉ ሰማሁ።

«ጻፊ» አሉ። «ቀና አትበይ።»

«እሺ።»

«ይድረስ... እግዚአብሔር ይመስገን እኔ ደኅና ነኝ በይ። ጥቂት እግሬን አሞኝ...» ከዚያ ቆሙ። ማንኪያው ሳህኑን ሲነካ ሰማሁ። እኔ «እግሬን» የሚለውን ቃል ስጽፍ አንዴ፣ ነጥብ ሳደርግ አንዴ። ድምፁ ትንሽ ነው፣ ከባቡርም ከመኪናም ያነሰ፤ ቢሆንም ከዚያ የበለጠ የሚያስደስት ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። «...አሞኝ ነበር፣ ተሽሎኛል በይ።» ደግሞ ማንኪያ። አላሳላቸውም። ደብዳቤው ገጽ ከግማሽ ሆነ፤ ምን እንዳስጻፉኝ ያወቅኩት በኋላ ሳነበው ነው።

ጀርባዬን እንደሰጠሁ የአስተማሪዬ ጥያቄ ትዝ አለኝና ጠየቅኳቸው።

«እሜቴ፣ ልጅ ሳሉ ማን ነበር የሚከልልዎት?»

ማንኪያው ቆመ።

«አንዲት ልጅ ነበረች» አሉ። «በእኔ ዕድሜ ናት። ኩታውን በሁለት እጇ ዘርግታ ትቆማለች፣ ክንዷ እስኪንቀጠቀጥ። ሹሩባዋን አስታውሳለሁ፣ ከኋላ አንዷ ሁልጊዜ ትፈታ ነበር። ፊቷን ግን አላስታውስም። መቼ አየሁትና። እሷ ጀርባዋን ነው የምትሰጠኝ።»

«እሷስ መቼ ነበር የምትበላው?»

«እንጃ ልጄ። ጠይቄ አላውቅም።»

እኔም ሌላ አልጠየቅኩም። ያን ካርድ በኋላ ስሞላው በጀርባው «አንዲት ልጅ፣ ሹሩባዋ የተፈታ» ብዬ ጻፍኩ፤ አስተማሪዬ ከሪፖርቱ ሁሉ እሷን ነው ያሰመረችባት።

ከኋላዬ ትሬዩ ሲንሸራተት ሰማሁ፤ ክርኔን ነካኝ።

«አንቺስ በልተሻል?» አሉ እሜቴ።

እንደዚህ ጠይቀውኝ አያውቁም። ዞር ብዬ አየኋቸው። የአጥሚቱ ሳህን ባዶ ነው፣ ዳቦው የለም፣ ፑዲንጉ ከነማንኪያው ወደ እኔ ተገፍቷል። ከትምህርት ቤት ወጥቼ ምንም አልቀመስኩም ነበር።

«ብይ» አሉኝና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱልኝ፣ እንዳያዩኝ። እኔ ማንም ቢያየኝ ግድ የለኝም፤ ካፍቴሪያ ውስጥ አራት መቶ ልጅ እያየኝ ነው የምበላው። ግን ዞረውልኝ ሳለ አንድ ማንኪያ ጎረስኩ፤ ያ ፑዲንግ ቫኒላ መሆኑን እስከ ዛሬ አልረሳሁም።

ነርሷ ገብታ ሳህኑን አየች፣ እኔን አየች፣ ወረቀቷ ላይ ጻፈች። ማታም፣ በማግሥቱ ጠዋትም መጋረጃውን የዘጋችው ራሷ ናት፤ የሰው ጀርባ ሲጠፋ የራሷን ጀርባ ሰጥታ ቆማለች። ሐሙስ ሐኪሙ ወረቀቱን አይቶ ስለ ቱቦው ሁለተኛ አላነሳም። በሳምንቱ እሜቴ ወደ ቤት ተለቀቁ።

ሊወስዳቸው የመጣው አባቴ ነው። ተሽከርካሪ ወንበሩን ራሱ ገፍቶ፣ ደግፎ ከኋላ አስቀመጣቸው፤ እናቴ ፔርሙሷን ጭናቸው ላይ አድርጋ በሩን ከውጭ ዘጋችላቸው። እኔ ከፊት ገባሁ። መድኃኒቱ ስለሚያደርቃቸው ነርሷ በየጊዜው ይጠጡ ብላለች። ገና ከግቢው ወጥተን መብራት ላይ ስንቆም እሜቴ ፔርሙሱን ያዙ፣ ክዳኑን ነካ አደረጉ፣ ተዉት። ነጠላቸውን ከፍ ለማድረግ አንድ እጅ ያስፈልጋል፣ ለፔርሙሱ ደግሞ ሁለት። ከፊት መስታወቱ ላይ የአባቴ ዓይን ነበረ።

አባቴ እጁን ዘርግቶ መስታወቱን ወደ ጣሪያው አዞረው።

«ፀሐይዋ ዓይኔን ወጋችኝ» አለ፣ ለማንም ሳይሆን።

ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ደመና ነበር። እኔ አንገቴን ደፍቼ የራሴን ጫማ አየሁ። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፣ መኪናው ቀስ ብሎ ተንቀሳቀሰ፤ ከኋላችን የፔርሙሱ ክዳን ሲፈታ ተሰማ።